ሁለት ኢንች ሬንጅ

ሃሪላል ኪሱንን የገደለው ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ጫማውን ጠርጓል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፖሊስ ማስታወሻዬን ይዤ ሬሳው አጠገብ ቆሜ መጀመሪያ ልብ ያልኩት ይህንን ነው።

ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የተመታው በገዛ ራሱ የብረት መጠቅጠቂያ ሲሆን፣ መጠቅጠቂያው ተወልውሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ፣ እርሳስና የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ወረቀት ግን ቁራጭ እንኳን የለም። አርባ ዓመት ሙሉ የመንገድ ሥራ ዋጋ ሲያሰላ የኖረ ሰው ያለ ወረቀት ሻይም አይጠጣም። ገዳዩ የፈለገውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደፍ ድረስ ሦስት የሬንጅ ንጣፎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የአንድ በር ስፋት አላቸው። ኪሱን ለሙከራ ያፈሰሳቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎላቸዋል። አንድ ኢንች፣ ቅዳሜ። ሁለት ኢንች፣ ቅዳሜ። ሦስት ኢንች፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለቱ ላይ አሸዋ ተነስንሶ ሸካራ ሆነዋል። ከደፉ ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ግን እንደ መስታወት ልሙጥ ነበር። ሽማግሌው በመጨረሻ እጁ ተሳክቶለት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሞኝ!

ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። የቤቱ ወለል አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። በሩ ጎን ምስማር ላይ የተሰቀለው ላምባ የጠጣ ጨርቅ ግን አዲስ ጥቁረት ይዟል። እኛ የላ ብሬ ሰዎች የምንኖረው በሬንጅ ላይ ነው። ከሬንጅ ሐይቁ ተርፎ በጓሯችን ይፈላል፣ ወለላችንን ያጣምማል፣ ልጆቻችንን ጫማ ያስጨርሳል። ስለዚህ በየበራችን ጨርቅ ይሰቀላል። እንግዳ ሰው ጨርቁን አያየውም። የእኛ ሰው ግን ቤት እየተቃጠለ እንኳን ሶሉን ሳይጠርግ አይገባም። ገዳዩ የእኛው ጉድ ነው።

ሬሳውን ያገኘው የዓሣ ገበያው ማኅበር ሊቀ መንበር ኦርቪል ካጆ ነው። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ላ ብሬ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በእሱ አለንጋ ያለፈ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ዛሬም ግቢው ውስጥ ተረከዙ ላይ ያስመታው ብረት ካጭ ካጭ ሲል ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ሜርል ልጄ፣" አለኝ፣ "በጀቱን ልፈርም መጥቼ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።"

"ከዛሬ በፊት መቼ መጥተው ነበር፣ ቲቸር?"

"ዓርብ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።"

"ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?"

"አልጋዬ ላይ! እሑድ ከምሳ በኋላ የሚተኛ ሽማግሌ ምስክር ከየት ያመጣል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፊሎ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ምን እንዳለችው አገር ሁሉ ሰምቷል። እኔ ሰው አላማም።"

ሰው አላማም የሚል ሰው ሐሜቱን ጨርሶ ነው የሚለው። ግን እውነቱን ነበር። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ሁላችንም እንደ አክስት 'ታንቲ' የምንላት ፊሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ኪሱንን ይዛ፣ "በዚያ ሦስት ኢንችህ ሥር ነው የምቀብርህ!" ስትለው እኔ ራሴ ከጎኗ ቆሜ ስቄያለሁ።

ጠቡ የመጣው ከመኪና ማቆሚያው ነው። ገበያው ፊት ለፊት ያለው ጭቃ ሜዳ መኪና ስለማያቆም ደንበኛው መንገድ ላይ ይገተራል። የወረዳው ምክር ቤትም የመጨረሻውን ደብዳቤ ጽፏል። እስከ ረቡዕ አሥር ሰዓት ድረስ፣ በማኅበሩ ኃላፊ የተፈረመና ገንዘቡ በእጅ ያለ የአስፋልት በጀት ካልቀረበ ገበያው ይዘጋል። ሴቶቹ በእቁብና ሮቲ ቂጣ በመሸጥ ያጠራቀሙት ስልሳ አንድ ሺህ ዶላር ነው። ዲንዲያል የሚባለው ተቋራጭ መቶ አርባ ስምንት ሺህ ጠየቀ። ኪሱን በነጻ ላስላላችሁ አለና በሦስት ኢንች ሰባ ዘጠኝ ሺህ ደረሰ። በዚያ ቁጥር ገበያው ሞተ ማለት ነው። የፎከረችውም ለዚህ ነው።

*

ሐኪሙ ኪሱን የሞተው እሑድ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። ታንቲ ፊሎን ያገኘኋት ገበያ ላይ ዓሣ ስትበልት ነው። ፊሎሜና ሌዛማ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወገቧ ሰፊ፣ አንደበቷ ከቢላዋዋ የሰላ።

"ታንቲ፣ ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?"

"ላ ብሬ።"

"ላ ብሬ ሰፊ ነው።"

"እኔም ሰፊ ነኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን እጇን እያየሁ ነበር። እስከ ክርኗ ድረስ በላምባ ተፈግፍጎ ቀልቷል።

"ታንቲ፣ ሰው ሞቷል።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አውቃለሁ። ኪሱን ግትር ነበር፣ እወደውም ነበር። ይህን ጻፊው። ፊሎሜና ሌዛማ አልገደለችም። የት እንደነበረች ግን አትናገርም። ጥፍሯን ብትነቅሉትም!"

"ታንቲ፣ እንዲህ ካሉኝ እኮ ማሰሬ ነው።"

"እሰሪኛ! እናትሽ ስትወልድሽ እግር ይዤ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ እጄን ያዢ።"

አሰርኳት። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ጨርቁ ገዳዩ የእኛ ሰው ነው አለኝ፣ እጇ ላይ ላምባ አለ፣ ዛቻዋን ምዕመን ሁሉ ሰምቶታል። የጣቢያው አዛዥ ኦትሊ ደስታውን አልቻለውም።

"ረቡዕ ጠዋት ክስ እንመሠርታለን። አለቀ፣ ደቀቀ።"

"ክስ ያለበት ሰው የማኅበር ወረቀት መፈረም አይችልም፣ ጌታዬ። የሚፈርሙት ሊቀ መንበሩና እሷ ብቻ ናቸው።"

"ካጆ ይፈርማላ።"

"ካጆ የዲንዲያልን ዋጋ ነው የሚፈርመው። የገበያውን መሬት አስይዘን እንበደር የሚለውም እሱ ነው።"

"ይህ የበጀት ጉዳይ ነው፣ ኢንስፔክተር ኳሚና። አንቺ የተቀጠርሽው ለሬሳ ነው።"

እስከ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ጊዜ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። እምቢ አለኝ። እንደገና ጠየቅኩት፤ ድምፄን ስሰማው ጥያቄ አይመስልም ነበር። ሰጠኝ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ተቋራጩን ዲንዲያልን ፍለጋ ቻጓናስ ከተማ ወረድኩ። የኪሱን ጎረቤት እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ መኪናውን በር ላይ አይታዋለች፤ ጩኸቱንም ሰምታለች።

"አዎ፣ ጮኼበታለሁ!" አለኝ ዲንዲያል፣ የወርቅ ሰንሰለቱን እየነካካ። "ሽማግሌው በነጻ ሲሠራ እኛ ምን እንብላ? አስፋልት ይብላ ሆዳችን?"

"ከዚያ ወዴት ሄድክ?"

"የእህቴ ልጅ ሠርግ፣ ፔናል መንደር።" ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ዲንዲያል ሸሚዙን ከፍቶ፣ ጠርሙስ አናቱ ላይ አቁሞ ይጨፍራል። ሁለት መቶ ሰው ያጨበጭብለታል። ጠርሙሱ ወድቆ ሲሰበር አንዲት ሴትዮ በጫማ ትመታዋለች።

"እናቴ ናት፣" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ጎረቤቷ ኪሱን በዘጠኝ ሰዓት ሦስተኛውን ንጣፍ ሲያፈስ፣ ከዚያም በጓሮ በር ሲገባ አይታዋለች። ስለዚህ ዲንዲያል ሲሄድ ሰውዬው በሕይወት ነበር። ደግሞ ዲንዲያል ጫማውን አይጠርግም፤ ቢሮው ምንጣፍ ላይ የሦስት መንደር ጭቃ አይቻለሁ። ልነሳ ስል ግን አንድ ነገር አመለጠው።

"ሥራው የኔ ነው ተብዬ ነበር እኮ!"

"ማን አለህ?"

ስለ ጠበቃው ስልክ ቁጥር ብቻ ማውራት ጀመረ። ከማኅበሩ ውስጥ ቃል የሰጠው ሰው አለ። ይህን ይዤ ተመለስኩ፤ ስም ግን አልያዝኩም።

*

ጣቢያ ስደርስ በሩ ላይ ሰልፍ አየሁ። አሥራ ሦስት ሴቶች ናቸው። እጃቸውን አላጠቡም፤ ሆን ብለው። እስከ ክርናቸው ጥቁር ነው።

ሽሪምፕ የምትሸጠው ጃስሞቲ ከፊት ቆማለች። "ጻፊ፣ ኢንስፔክተር!" አለችኝ። "እሑድ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፊሎ ከእኛ ጋር ነበረች። ከእኔ ቤት ጓሮ።"

"ምን ስትሠሩ?"

"ሬንጅ ስንቆፍር፣ በበርሜል ስናፈላ፣ ከአሸዋ ጋር ስናማስል። አያቶቻችን ግቢያቸውን እንዳነጠፉት። ሬንጁ ከጓሯችን ነው፣ እሳቱ ከጓሯችን ነው። ለሬንጅ አንዲት ሳንቲም አናወጣም። የኪሱን በጀት እንዲህ የረከሰው ለምን መሰለሽ?"

አሁን ገባኝ። ሬንጅ ያለ ፈቃድ መቆፈር ያስቀጣል፤ በገዛ ጓሮህም ቢሆን። ታንቲ ፊሎ አፏን የዘጋችው ለራሷ አልነበረም።

"ጃስሞቲ፣ ይህን ከጻፍኩ አሥራ ሦስታችሁም ትከሰሳላችሁ።"

"አሥራ አራት በይ። ፊሎን አትርሻት።"

ከእስር ክፍሉ ውስጥ የታንቲ ጩኸት መጣ። "ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ እናንተ ደንቆሮዎች! ማን ጠራችሁ?"

"አንቺ ዝም በይ!" አለች ጃስሞቲ። "ዕድሜ ልክሽን ስትናገሪ ነበር፤ ዛሬ ተራው የእኛ ነው።"

አዛዥ ኦትሊ ወጥቶ አያቸውና ሳቀ። "ጓደኞቿ ናቸው፣ ይዋሹላታል። ደግሞ ሁለተኛ ወንጀል በራሳቸው አፍ አመኑ። ኳሚና፣ ነገ ስምንት ሰዓት ሁሉም ላይ ክስ ትመሠርቺባቸዋለሽ፤ ይህ ትእዛዝ ነው።" በጽሑፍ ሰጠኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

*

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል። ሌላ መሄጃ አጥቼ የኪሱን ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታንቲ እንዳልገደለች ልቤ ያውቃል፤ ኦትሊ ግን ልብ አይቀበልም። ሁለቱን የቅዳሜ ንጣፎች አየኋቸው። ኪሱን የጭነት መኪናውን ጎማ አቁሞባቸው ነበር። የአንዱ ኢንች ተሰንጥቋል። የሁለቱ ኢንች ግን ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ይህን አይቷል ማለት ነው። ሁለት ኢንች እንደሚበቃ ከመሞቱ በፊት አውቋል!

ከዚያ ዓይኔ ሦስተኛው ላይ አረፈ። ልሙጡ፣ መስታወቱ። መሐሉ ሰምጧል። ሰኞ ስምንት ፖሊስ ቆሞበት ጭረት እንኳን ያልያዘው ንጣፍ፣ አሁን የተረከዝ ቅርጽ አውጥቷል፤ በተረከዙ ጠርዝ ላይ የጨረቃ ቁራጭ የመሰለ ጥልቅ መስመር አለ።

ሬንጅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማንበብ መነጽር አያሻውም። ትኩስ ሬንጅ ላይ የሰመጠ እግር ጉድጓድ ይተዋል። ርጥብ ጣውላ ይዘህ ጠርዙን ስትጎትተው ቆዳ ሠርቶ ይሸፍንልሃል እንጂ ሥሩ አይሞላም። ሁለት ቀን ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ይወርዳል። እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይህን ረግጦ ገብቷል። ሲወጣ ደግሞ ተንበርክኮ አለስልሶታል፤ አሸዋውም የጠፋው ለዚህ ነው።

ሰው ገድሎ ተንበርክኮ ሬንጅ የሚያለሰልስ ማነው? እንግዳ ቢሆን እግሩን ነቅሎ ይሮጥ ነበር። በላ ብሬ ግን የሰው ትኩስ ሬንጅ ረግጦ እንደዋዛ መሄድ ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። የትምህርት ቤታችን ግቢ የተነጠፈ ጊዜ እግራችንን ያሳረፍን ልጆች በየተራ እየተንበረከክን፣ ጣውላ እያራስን ስናለሰልስ ውለናል። አለንጋ ይዞ አናታችን ላይ የቆመውን ሰው አስታወስኩት። ከአለንጋው በፊት የሚሰማውንም የተረከዝ ብረት ድምፅ።

ካጆን አስጠራሁት። ለፊርማ ነው አልኩት። ካጭ ካጭ እያለ መጣ።

"እዚህ ጋ፣ ቲቸር። ከዚህ ጉድጓድ አጠገብ እግርዎን ያሳርፉልኝ።"

ወደ ታች አየ። እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"ሰኞ ረግጬው ይሆናል።"

"ሰኞማ ደረቅ ነበር። ስምንት ፖሊስ ቆሞበታል።"

"ሜርል፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያስተማርኩሽ!"

"አዎ። እያነበብኩ ነው።"

ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔም አልረዳሁትም።

"ከዲንዲያል ሠላሳ ሺህ ተቀብያለሁ፣" አለ። "ጣሪያዬን አሠርቼበታለሁ። እሑድ ኪሱን ደውሎ ና ፈርም አለኝ። ስመጣ እየሳቀ ነው። ሁለት ኢንች ይበቃል፣ ሃምሳ ስምንት ሺህ ተኩል፣ ሴቶቹ ይችላሉ አለኝ። ሦስት ብለህ ጻፍ፣ ሴቶቹ ሲያቅታቸው ሥራው ለዲንዲያል ይሂድ ብዬ ለመንኩት። እኔ፣ ለመንኩት! 'ቁጥር አልዋሽም' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።"

"ወረቀቱስ?"

"አቃጥዬዋለሁ።"

"ታንቲ ፊሎ እስር ቤት ስትገባ ምን ተሰማዎት?"

እጆቹን ዘረጋልኝ። እጁን በካቴና ሳስር፣ የአለንጋው ዘመን ሁሉ ተነሥቶብኝ፣ ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ፍርሃቴ አናደደኝና ካቴናውን ጠበቅ አደረግኩት።

*

ታንቲ ፊሎ የወጣችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምስጋና የሚባል ነገር አልሰማሁም።

"ወረቀት!" አለች። "እርሳስ! ማስመሪያ! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የቀረን።"

ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተቀመጥን፤ ሴቶቹ ከብበው።

"ስልሳ ጫማ በአርባ ጫማ፣" አለች ታንቲ። "በሁለት ኢንች አራት መቶ ኪዩቢክ ጫማ። ኪሱን ቁጥሩን ሁሉ ከእኔ ጋር ተጨቃጭቆበታል፣ አንዱም አልጠፋኝም። ጠጠርና ጥቅጠቃ?"

"ሃያ አምስት ሺህ!" አለች አንዷ።

"ሃያ አንድ! ከአማቴ ልጅ ነው የምንገዛው፣ አይሰርቀንም።"

ማፋሰሻው ዘጠኝ ሺህ ተኩል፣ አሸዋው ስድስት ሺህ፣ የሮለር ኪራይ ለአራት ቀን ስምንት ሺህ፣ ማገዶና በርሜል ሦስት ሺህ፣ የጉልበት ሠራተኛና ቀለቡ ስድስት ሺህ ተኩል ወጣ። መሬቱ የሚንቀሳቀስ ነውና ለጥገና አራት ሺህ ተኩል አስቀሩ። ጃስሞቲ ደመረች። ሃምሳ ስምንት ሺህ ተኩል። የሞተው ሰውዬ ቁጥር ነበር፤ ታንቲ ዓይኗን በክርኗ ጠረገች።

*

ምክር ቤቱ መስኮት ላይ የደረስነው ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ወረደበት።

"ሊቀ መንበሩ አልፈረሙም።"

"ሊቀ መንበሩ ታስረዋል፣" አልኩት። "ገንዘብ ያዧ ትፈርማለች። ክስ የለባትም።"

ፈረመች። ጸሐፊው ማኅተሙን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ሬንጅ የሚለው ረድፍ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። ምንጩ ደግሞ ባዶ ነው። ምንጭ ሳይጻፍ አላትምም።"

ጆሮዋ ላይ ተጠጋሁ። "ታንቲ፣ 'ስጦታ' ይበሉት። ማንም አይጠይቅም።"

ዞራ አየችኝ። ያን ዓይነት ዓይን ካጆ እንኳን አልነበረውም። "አንድ ሰው ቁጥር አልዋሽም ብሎ ሞቷል። እኔ ቃል ልዋሽ?" ወደ መስኮቱ ተመለሰች። "ጻፍ! ምንጭ፣ ጓሯችን። ፊሎሜና ሌዛማ። ጃስሞቲ ራጉናናን። ..."

አሥራ አራቱን ስም አንድ በአንድ አስጻፈች። ሴቶቹ ስማቸው ሲጠራ "አለሁ" ይላሉ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፤ ኦትሊ ነው። ከስልኩ አጠገብ ሴቶቹን እንድከስ የተሰጠኝ፣ ሰዓቱ ያለፈበት ትእዛዝ ታጥፎ ተቀምጧል። የሃያ ሁለት ዓመት ደሞዜ፣ ጡረታዬ፣ ማዕረጌ ሁሉ እዚያች ኪስ ውስጥ ነበር።

"በቃ? አሥራ አራት?" አለ ጸሐፊው።

"አሥራ አምስት፣" አልኩ። "ኳሚና፣ የላይኛው መንገድ። ሬንጁ በእናቴ ማጀት ወለል ወጥቶ አርባ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛችንን እያጣመመ ነው። ነገ እንቆፍረዋለን።"

ጸሐፊው ዩኒፎርሜን አየ፣ ከዚያም ፊቴን።

"ኢንስፔክተር የሚለውንም ልጻፍ?"

"አዎ፣" አልኩት። "መጀመሪያ እሱን ጻፍ።"